መንገዱን ማን ይቀይስ?
የአሰብ–ደሴ ውልና የፒያሳ ስም

ደሴ ከተማ ውስጥ ፒያሳ የሚባል ሠፈር አለ። ቃሉ የጣልያኖች ነው፤ በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። አዲስ አበባም ጎንደርም በዚሁ ስም የሚጠሩ ሠፈሮች አሏቸው። የደሴ ሰው ግን «ፒያሳ እንገናኝ» ብሎ ሲቀጣጠር ጣልያን ትዝ አይለውም። ቃሉ እንደ «መኪና» እና እንደ «ጎማ» አገር ለምዶ፣ ባለቤቱን አስረስቶ የእኛ ሆኗል።

ከዚህ ስም በስተጀርባ ግን አንድ የተረሳ ውል አለ። ጣልያኖች በጦር ኃይል ደሴ ከመግባታቸው ስምንት ዓመት አስቀድሞ በወረቀት ሊገቡባት ተዋውለው ነበር። ውሉ የመንገድ ሥራ ውል ነበር፤ መነሻው አሰብ፣ መድረሻው ደሴ። ሁለቱም ወገኖች ፈረሙ፣ ሁለቱም ወገኖች ተጨባበጡ፣ መንገዱ ግን አልተሠራም። ያልተሠራበትም ምክንያት ገንዘብ ወይም ድንጋይ ጠፍቶ ብቻ አልነበረም። «ሥራው ለማን ይሰጥ?» የሚለው ጥያቄ ሳይፈታ ስለቀረ ነበር። ዛሬ በየማዘጋጃ ቤቱ የጨረታ ሣጥን በተከፈተ ቁጥር የሚነሣው ጥያቄ ያን ጊዜ በሁለት መንግሥታት መካከል ተነሥቶ ሰላምና ጦርነት የተንጠለጠሉበት ጉዳይ ሆነ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» ነውና ከሥሩ እንጀምረው።

*

የአሰብ ታሪክ ራሱ በግዢ ውል ይጀምራል። በ1862 ዓ.ም. ጁዜፔ ሳፔቶ የሚባል፣ ቀደም ሲል በሚሲዮናዊነት አገራችንን ያየ ጣልያናዊ፣ ከአካባቢው የአፋር ሡልጣኖች ላይ በባሕሩ ዳር ቁራሽ መሬት ገዛ። ገዢው በስም ሩባቲኖ የተባለ የመርከብ ኩባንያ ነበር፤ ለመርከቦቹ የድንጋይ ከሰል ማራገፊያ ይሆነዋል ተባለ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1874 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት መሬቱን ከኩባንያው ተረከበ። የኩባንያ ንብረት የነበረው የባሕር ዳር ቅኝ ግዛት ሆነ። ከሰል ማራገፊያው የኤርትራ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያ ድንጋይ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. ከደሴ በስተሰሜን በአምባሰል፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ውል በአማርኛ አንድ፣ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ መገኘቱና አንቀጽ 17 ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ በ1920ዎቹ መባቻ አንድ የኢትዮጵያ ባለሥልጣን ከኢጣልያ ጋር ውል ሊፈርም ብዕር ሲያነሣ ሁለት ነገሮችን ማስታወስ ነበረበት። የመጀመሪያው ኩባንያ ተብሎ የገባ መንግሥት ሆኖ ሊያድር እንደሚችል ነው። ሁለተኛው ውል በተፈረመበት ቀን ሳይሆን በሚተረጐምበት ቀን እንደሚታወቅ ነው።

ይህን ትምህርት የሰጠችው ኢጣልያ ብቻም አልነበረችም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ሰጡ፤ ኢልግም ከፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ገንዘብ ሲያጥረው ኩባንያው የእንግሊዝ ባለሀብቶችን አስገባ፤ ያን ያየው የፈረንሳይ መንግሥት ደግሞ በ1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ለብቻው ተዋዋለና በሐዲዱ ላይ እጁን አስገባ። ምኒልክ ፈቃዱን የሰጡት ለአንድ ኩባንያ ነበር፤ ሳይጠየቁ መንግሥት አገኙ። ስለዚህ ተቆጡ፤ ሥራውም ድሬዳዋ ላይ ቆመ። በ1900 ዓ.ም. በሐኪማቸው በዶክተር ቪታልየን በኩል አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ፣ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ድሬዳዋ ከገባ ከዐሥራ አራት ዓመት በላይ ማለት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ነጋዴው ከድሬዳዋ ወዲህ በበቅሎና በግመል ሲጓዝ ኖረ። የውል ሙግት የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ያልተዋዋለው ሰው ነው።

በታኅሣሥ 1918 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳይጠይቁ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ሐይቅ ላይ ግድብ ለመሥራት ፈቃድ ስትጠይቅ ኢጣልያ ልትደግፋት፣ ኢጣልያ ደግሞ ኤርትራንና ሶማሊያን በኢትዮጵያ ምድር አቋርጦ የሚያገናኝ የባቡር ሐዲድ ስትጠይቅ እንግሊዝ ልትደግፋት ተስማሙ። የሁለት ተጫራቾች መመሳጠር ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ጨረታውን ያወጣው ባለቤት ግን አልተጠራም። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1918 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አሉ። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል ከሆነች ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ሁለቱ ኃያላን «የእናንተን ነጻነት ለመንካት አላሰብንም» ብለው ለማስተባበል ተገደዱ።

ራስ ተፈሪ በዚህ አላቆሙም። በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱን ወደ ኒውዮርክ ልከው የጣናን ሥራ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የአሜሪካ የምህንድስና ኩባንያ ጋር አነጋገሩ። ወሬው ሲሰማ ለንደን ደነገጠ። ስሌቱ ቀላልና ብልህ ነበር፤ ሥራውን ጎረቤት ቅኝ ገዢ ለሆነ አትስጥ፣ ከውቅያኖስ ማዶ ላለና በድንበርህ ላይ ጦር ለሌለው ስጥ። ይህን ስሌት ልብ ይሏል፤ ደሴ ላይ ተመልሶ ይመጣልና።

*

አሁን ወደ ወሎ እንመለስ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከእርሷ ሐረጎን ተጠማዝዞ የወረደ ሰው ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ቁልቁል ሄዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ባቲ አለች፤ በሰኞ ገበያዋ ደገኛውና አፋሩ እህልን፣ ከብትንና ጨውን የሚለዋወጡባት። ከባቲ በኋላ ምድሩ እየወረደ፣ እየጋለ፣ ወደ አፋር በረሃ ይገባል። በረሃው ማዶ አሰብ፣ አሰብ ማዶ ቀይ ባሕር። የወሎ ነጋዴ ዕቃ በጅቡቲ በኩል ይውጣ ከተባለ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ የፈረንሳዮቹን ባቡር መያዝ አለበት፤ በአሰብ በኩል ግን ባሕሩ ፊት ለፊቱ ነው። የደሴን የንግድ ዕድል በካርታ ላይ ላየ ሰው አንድ መንገድ ብቻ ይጎድላታል።

ሐምሌ 26 ቀን 1920 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው ውል ይህን ጉድለት የሚሞላ መሰለ። በኢጣልያ በኩል የአዲስ አበባው ሚኒስትር ጁልያኖ ኮራ፣ በኢትዮጵያ በኩል አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ተዋዋሉ። ዋናው ሰነድ ለሃያ ዓመት የሚጸና የወዳጅነትና የሽምግልና ውል ነበር፤ በአንቀጽ 5 ማናቸውም ጠብ ቢነሣ በእርቅና በሽምግልና እንጂ በጦር እንዳይፈታ ያስገድዳል። ከዚህ ጋር ተያይዞ የመንገዱ ስምምነት ተፈረመ። ኢጣልያ በአሰብ ወደብ ለኢትዮጵያ ነጻ ቀጣና ትሰጣለች። ከአሰብ ደሴ የሚደርስ የመኪና መንገድ ይሠራል፤ እያንዳንዱ መንግሥት በየግዛቱ ያለውን ይሠራል። በመንገዱ ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሰው የሁለቱ አገሮች የጋራ ኩባንያ ይሆናል፤ ለእርሱም ብቸኛ መብት ይሰጠዋል።

በወረቀት ሲታይ ሁሉም አትራፊ ነው። ኢትዮጵያ ከፈረንሳዮቹ ሐዲድና ከጅቡቲ ሌላ የባሕር በር ታገኛለች፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. አውሮፓን ሲጎበኙ ሲለምኑት የነበረ ነገር ነው። ኢጣልያ ደግሞ የሰሜን ኢትዮጵያን ንግድ ወደ ራሷ ወደብ ታዞራለች። ደሴ የበረሃውና የደጋው መገናኛ፣ የመኪና መናኸሪያና የጉምሩክ ከተማ ትሆናለች።

ነገር ግን ውሉ አንድ ጥያቄን በደንብ ሳይዘጋ አልፏል። መንገዱ በየት በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው ማነው? በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ ያለውን ክፍል የሚቀይሰው መሐንዲስ ከየት ይመጣል?

*

ለጊዜው ትንሽ ጥያቄ ይመስላል። መሐንዲስ መሐንዲስ ነው፤ ሮማዊም ይሁን ሌላ ገመዱን ዘርግቶ፣ መነጽሩን ተክሎ፣ ቁልቁለቱን ለክቶ ይሄዳል። ነገር ግን ምድሪቱን እናስብ። የአፋር ቆላ በዚያ ዘመን ለዓለም ካርታ ከሞላ ጎደል ባዶ ቦታ ነበር። ኔዝቢት የተባለው ተጓዥ ከሁለት ጣልያናውያን ጋር በረሃውን ከደቡብ እስከ ሰሜን አቋርጦ የወጣው ውሉ በተፈረመበት በዚያው በ1920 ዓ.ም. ነው። የአዋሽ ወንዝ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ ሲያበቃ እስከ መጨረሻው ተከትሎ ያየው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀርም በረሃውን የተሻገረው ከዚያ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ማንም አስተካክሎ በማያውቀው ምድር ላይ ቅየሳ ማለት ውሃው የት እንዳለ፣ ግመል የማይወጣው ገደል የት እንደሆነ፣ መድፍ የሚጎተትበት ሜዳ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ባላባት ከማን ጋር እንደተጣላ ማወቅ ነው። ቀያሹ ይዞት የሚመለሰው ደብተር የመንገድ ዕቅድም ነው፤ የጦር ካርታም ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ይሰፍራሉ።

ስለዚህ የአዲስ አበባ መንግሥት በጣና ላይ ያደረገውን ስሌት ደገመ። ለቅየሳው ጣልያናውያንን ትቶ የሆላንድ መሐንዲሶችን ቀጠረ። ሆላንድ በአፍሪካ ቀንድ ቅኝ ግዛት የላትም፤ በመረብ ማዶ ጦር የላትም። ጣልያኖች በበኩላቸው ይህ አልተዋጠላቸውም። ውሉ የወዳጅነት ውል ከሆነ፣ ኩባንያው የጋራ ከሆነ፣ ወደቡም የእኛ ከሆነ ሥራው ለሦስተኛ ወገን የሚሰጠው ስለምንድነው? አሉ። በመንገዱ አቅጣጫ ላይም አልተስማሙም። በጋራ ኩባንያው ጉዳይም ሐሳብ አልገጠመም። ደብዳቤ ሄደ፣ ደብዳቤ መጣ፤ ኮራም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሄደ። ወሎም በዚያው ሰሞን ሰላም አልነበረም፤ የራያና የአዘቦ አመፅ፣ ከዚያም በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ የወደቁበት የአንቸም ጦርነት መንግሥትን ወጥረው ያዙት። መንገዱ በወረቀት ላይ ተኝቶ ዓመታት አለፉ።

ስለዚህ ሙግት ሁለት ዓይነት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ለመንግሥቱ ይፈርዳል፤ የአሰብ ከሰል ማራገፊያን፣ የውጫሌን አንቀጽ፣ የ1918ቱን ምስጢራዊ ደብዳቤ ያየ ሰው ለጣልያን መሐንዲስ በር አይከፍትም፤ ቢከፍት ነበር የሚያስወቅሰው። ሁለተኛው በመንግሥቱ ላይ ይፈርዳል፤ መፈጸም ያልፈለጉትን ለምን ፈረሙ? አልሰጥም ማለት ይቻላል፤ ሰጥቻለሁ ብሎ ማዘግየት ግን ለጠላት ክስ ማቀበል ነው። በእርግጥም ኢጣልያ በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ለመንግሥታት ማኅበር ባቀረበችው ረጅም የክስ ሰነድ ውስጥ የ1920ው ውል አለመከበሩም ተቆጥሯል።

የእኔ ፍርድ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ይወስዳል። የቅየሳውን ሥራ ለጣልያን አለመስጠት ትክክል ነበር። ስሕተቱ ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው። በፊት፣ የማን መሐንዲስ እንደሚቀይስ በግልጽ ቃል ሳይጻፍ መፈረሙ፤ ውጫሌ ላይ አንድ ቃል ያደረገውን የምታውቅ አገር ያልተጻፈ ቃል የሚያደርገውን መጠርጠር ነበረባት። በኋላ፣ ሥራውን ለአንዱ ነፍጎ ለሌላው ከሰጡ በኋላ እስከ መጨረሻው አለመግፋቱ። ለተጫራች እምቢ ያለ ሰው የራሱን አካፋ ማንሣት አለበት። እምቢታ ብቻውን መንገድ አይሆንም።

*

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የራሱ ምፀት አለው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ተኩስ ተከፈተ። ኢትዮጵያ ወዲያውኑ የያዘችው ያንኑ የ1920ውን ውል ነበር፤ አንቀጽ 5 ሽምግልና ያዛልና እንሸማገል አለች። ኢጣልያ በመጀመሪያ እምቢ አለች። መንገዱን አልሠራችሁም ብላ ውል አፍራሽ የምትላት አገር ውሉን ይዛ ስትቆም፣ ውል ይከበር ባይዋ ከውሉ ሸሸች። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ።

ልክ በዓመቱ፣ በዚያው በኅዳር 26 ቀን፣ የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ለመምራት ደሴ ከገቡ ገና ብዙ ቀን አልሆናቸውም ነበር፤ ራሳቸው በመትረየስ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ የዚያን ቀን ነው። በቀይ መስቀል ምልክት የተለየው የአሜሪካ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ከጥቂት ዓመት በፊት የመኪና መናኸሪያ ልትሆን የታሰበችው ከተማ የቦምብ ዒላማ ሆነች።

ጣልያኖች ደሴን የያዙት ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ያን ሁሉ ጥርጣሬ ያስነሣው የአሰብ አቅጣጫ ግን ዋናው መምጫቸው አልነበረም፤ በማይጨውና በኰረም አድርገው ከሰሜን ወረዱ። ሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ ማርሻል ባዶልዮ ከ1,700 በላይ መኪናዎች አሰልፎ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተነሣ። የሄደበት መንገድ ማን የሠራው ነው? ያ ጣልያኖች ሊቀይሱት የፈለጉት መንገድ አይደለም፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ዋና ከተማውን ከወሎ ለማገናኘት በገዛ እጁ የጠረገው የአፈር መንገድ ነው። የሚያዝያ ዝናብ አጨቀየው፤ ጣርማ በር ላይ ተቆርጦ ስለነበር ወታደሩ መሣሪያውን አስቀምጦ አፈር ሲዝቅ ዋለ። ሆኖም አደረሳቸው። ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። «መንገድ ባይኖር ጠላት አይመጣም ነበር» የሚለው የቆየ አስተሳሰብ በዚህ ታሪክ አይጸናም። መንገዱ ላይ ስትከለክለው ጠላት በሌላ በኩል መጣ፤ ራስህ ለልማት የጠረግከውንም ለራሱ ተጠቀመበት። መንገድ ለማንም አያዳላም። የሚያዳላው በመንገዱ ላይ የሚያዝ ሰው ነው።

ሙሶሊኒ አዲስ አበባ በተያዘች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲሠሩ ባዘዛቸው ታላላቅ መንገዶች ዝርዝር ውስጥ የአሰብ–ደሴ መስመር አለ። ስምንት ዓመት ሲያከራክር የኖረው ጉዳይ በአንድ ቴሌግራም ተወሰነ፤ አሁን ተዋዋይም ተደራዳሪም የለም። አሠሪውም ሠሪውም ተቆጣጣሪውም አንድ ነው። የጣልያን ተቋራጮች መጡ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች በየመንገዱ ተሰማሩ፤ አገሬውም ከእነርሱ ጋር ድንጋይ ፈለጠ። መንገዱ ከደጋ እስከ ባሕር ተዘረጋ። ኮምቦልቻ የአዲስ አበባው፣ የአስመራውና የአሰቡ መስመር የሚገናኙባት ቁልፍ ቦታ ሆነች። ደሴም ላይ ሱቁና ቡና ቤቱ በረከተ፤ ከዚያ ዘመን የቀረው የአደባባዩ ስም እነሆ እስከ ዛሬ አለ።

እነሱም ብዙ አልቆዩበትም። በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ በዚያው በሠሩት መንገድ ከደቡብ መጥቶ ኮምቦልቻ ላይ ከተዋጋቸው በኋላ ደሴን ሚያዝያ 18 ቀን አስለቀቃቸው። ባዶልዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ከተነሣ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ነው። አስቀድመን መንገድ አያዳላም ያልነው ለዚህ ነው።

*

ከነጻነት በኋላ መንገዱ ለባለቤቱ ተመለሰ፤ ጥያቄውም አብሮ ተመለሰ። ጣልያኖች የተዉት አስፋልት በጦርነትና በዝናብ ሲፈርስ ማን ይጠግነው? በ1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ አምስት ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ አገር ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት ከአሜሪካ የመንገዶች ቢሮ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። አሁንም ስሌቱ ያው የጣናውና የሆላንዶቹ ስሌት ነው፤ ሩቅ ያለውን ቅጠር። ልዩነቱ ግን ከፍተኛ ነው፤ በዚህ ጊዜ በኢትዮጵያ ስም የተቋቋመ፣ በኢትዮጵያ ሕግ የሚተዳደር፣ እየዋለ እያደረ በኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች እጅ የሚገባ መሥሪያ ቤት ተፈጠረ። በ1920 ዓ.ም. የጎደለው ይህ ነበር። ያን ጊዜ አለመስጠትን እናውቅ ነበር፤ መሥራትን የሚይዝ መሥሪያ ቤት ግን አልነበረንም።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ስትዋሐድ አሰብም አብራ መጣች፤ በወረቀት ላይ የቀረው ነጻ ቀጣና አስፈላጊነቱ አበቃ። ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ የገቢ ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ገብቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ወደ መሀል አገር ይጓዝ ነበር። ከዚያ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች፤ በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ የአሰብ በር ለኢትዮጵያ ተዘጋ። ከኮምቦልቻ በባቲ የሚወርደው ከባድ መኪና ሚሌ ሲደርስ ወደ ጋላፊና ጅቡቲ መታጠፍ ጀመረ። ሰባ ዓመት ተዙሮ የወሎ ዕቃ እንደገና ወደ ጅቡቲ።

በሰኔ 2004 ዓ.ም. ደግሞ ኮምቦልቻ ሌላ ታላቅ ውል ተፈረመላት፤ ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ የሚደርስ፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የባቡር ሐዲድ። ሥራው ያፒ መርከዚ ለተባለ የቱርክ ኩባንያ ተሰጠ፤ ግምቱም 1.7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ተራራው ተበሳ፣ ድልድዩ ቆመ፣ ሐዲዱም ተዘረጋ፤ ነገር ግን ውሉ ከተፈረመ ዐሥር ዓመት ሲሞላው መደበኛ ባቡር ገና አልተመላለሰበትም ነበር። በመካከሉ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ እንደገና ጦርነት አዩ። የኮምቦልቻ ሰው ውል መፈረምና ሥራ መረከብ ሁለት የተለያዩ ቀናት መሆናቸውን ከማንም አይማርም።

*

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ያለፈውን መንግሥት ለመክሰስ ወይም ለመካስ አይደለም። ስለ ሕዝብ ሥራ ጨረታ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው «ስንት ብር?» እና «ማን በላ?» ብለን ነው። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። የአሰብ–ደሴ ታሪክ ግን ከእነርሱ የሚቀድም ጥያቄ አለ ይለናል፤ የሚሠራውን ነገር መልክ የሚወስነው ማነው? መንገዱ በየት እንደሚያልፍ፣ የቧንቧው ውሃ የቱን ሠፈር አስቀድሞ እንደሚያጠጣ፣ የገበያው በር ወደ የት እንደሚከፈት የሚወስን ሰው ዋጋ ከሚቆርጠው በፊት ውሉን ጨርሶታል። ሌላው ሁሉ የሲሚንቶና የጠጠር ሒሳብ ነው።

አንድ ቀበሌ የሚሠራው ድልድይና አንድ መንግሥት የሚዋዋለው አውራ ጎዳና በስፋት ቢለያዩም በዚህ አንድ ናቸው። ለማን እንደሚሰጥ ሳይወስኑ መፈረም፣ ከፈረሙም በኋላ ሳይሠሩ ማቆየት፣ ሁለቱም ሥራውን ላልተመረጠው ተጫራች ያስረክባሉ። ያልተመረጠው ተጫራች ደግሞ ሲመጣ ዋጋ አያቀርብም፤ ዋጋ ያስከፍላል። ደሴ ያን ዋጋ ከፍላለች፤ ደረሰኙም ሠፈሯ ውስጥ በፒያሳ ስም ተጽፎ ይገኛል።